አባቴ እናቴን «እትዬ» ያላት ዓመት

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ካለችው የመለዋወጫ ሱቄ መሰላል ላይ ወጥቼ የትራክተር ፊልትሮ ሳወርድ፣ ሬዲዮው እንደ ልማዱ ብቻውን ይለፈልፍ ነበር። እኔ ሬዲዮ የምከፍተው ለመስማት አይደለም፤ ዝምታ ስለማልወድ ነው። አንዲት ሐኪም ስለ አዛውንቶች የመርሳት ሕመም ታወራለች። ሕመሙ ብዙ ዓይነት ነው፣ ከዚያ ውስጥ አንዱ ሉዊ ቦዲ ይባላል አለች። ሰው በሌለበት ሰው ያያሉ፣ ሲራመዱ እግራቸው ይተሳሰራል፣ በእንቅልፋቸው ይታገላሉ፣ ጧት ደህና የነበሩት ከሰዓት ሌላ ሰው ይሆናሉ፤ የትዳር ጓደኛቸውን «መልኳን ወስዳ የመጣች ሌላ ሴት ናት» የሚሉም አሉ። ይህን ሁሉ ስትናገር ድምጿ ረጋ ያለ ነው፣ የጎመን አሠራር የምታስረዳ ነው የሚመስለው።

እኔ እዚያው መሰላሉ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ገዢው ከታች ሆኖ «ጋሼ፣ አሞዎት ይሆን?» አለኝ። አላመመኝም። የአባቴን በሽታ ስም፣ አባቴ ከሞተ ከስንት ዓመት በኋላ በሬዲዮ መስማቴ ነው። እኔ ድሮም ዘግይቶ የሚመጣ ነገር ደሜን ያፈላዋል። ፊልትሮውን ሰጥቼ ሰውየውን ሸኘሁና ሱቁን በጊዜ ዘጋሁ።

ነገሩ የሆነው ከሚሊኒየሙ በኋላ፣ ሞባይል ስልክ ወደ ቆላው በገባ ሰሞን ነው። እኔ ያኔ አብደራፊ ትራክተር እነዳ ነበር። ሃያ አራት ይሁን ሃያ አምስት ዓመቴ፣ ከጉልበቴና ከማርሹ በቀር የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ሰኔ ሊገባ ሲል፣ እርሻው በሚጧጧፍበት ሰዓት፣ እናቴ ወላጆቼ ከሚኖሩበት ከተማ ከገንዳ ውሃ ደወለች።

«ሲሳይ፣ ሥራህን ትተህ ና። አባትህ ሰው ማየት ጀምሯል።»

«ሰው ማየት ምን ክፋት አለው እማዬ?»

«የሌለ ሰው ነው እኮ የሚያየው» አለችና ስልኩን ዘጋችብኝ።

ትራክተሩን አስረክቤ፣ መኪና እየቀያየርሁ ሄድሁ። የመጀመሪያው ዝናብ ወርዶ ጥቁሩ አፈር ጎማ ላይ እየተለጠፈ መንገዱ ሲያጉላላን ዋለ። በቆላ የክረምት መግቢያ ያለውን ሽታ የማያውቅ ሰው አያውቀውም፤ ስንጥቅጥቅ ያለው መሬት ውኃ ሲጠጣ የሚተነፍሰው አንዳች ሙቅ ነገር አለ። እኔ ያን ሽታ እስከ ዛሬ አልወደውም።

አባቴ ፈንቴ በልጅነቱ ከደንቢያ ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ፣ በዚያው ቀርቶ፣ መሬት መንጥሮ ባለ ሰሊጥ የሆነ ሰው ነው። እናቴን የሻረግን ያገባት እዚያው ገንዳ ውሃ ነው። በሰማንያ ውል ነው የተጋቡት። ያኔ ቁርባን ማን ያስባል፣ ግማሹን ዓመት እሱ ማሳ ላይ፣ እሷ ከተማ። ግን አንድ ስምምነት ነበራቸው፤ ልጆቻችን ሲያድጉልን፣ እርሻውን ለልጅ ስንለቅ፣ አብረን እንቆርባለን ይባባሉ ነበር። እንደኛ አገር ደንብ ባልና ሚስት አንዴ በቁርባን ከታሰሩ ሞትም አይፈታቸውም። እናቴ ይህን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስታወራው እሰማታለሁ። ሌላ ሴት የወርቅ ሐብል እንደምትመኝ እሷ የምትመኘው ይኸን ነበር።

ስደርስ አባቴን ያገኘሁት ግቢ ውስጥ፣ ራኩባ የምንለው የሣር ዳስ ሥር፣ የገመድ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነው። ጎብጧል። ያ ሲስቅ ጎረቤት የሚሰማው ሰው ፊቱ አይንቀሳቀስም። ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ሆና በራሷ ትንቀጠቀጣለች። እኔን ግን ወዲያው አወቀኝ። ጉንጬን ሳመኝና ወደ አጥሩ እያየ «ሰዎቹ ምሳ በሉ?» አለኝ።

«የትኞቹ ሰዎች?»

«አጫጆቹ ናቸዋ። ከጧት ጀምሮ እዚያ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ማጭዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ያዩኛል።»

አጥሩ ሥር አንዲት ዶሮ ነበረች እንጂ ሌላ ነገር የለም። እኔ ችኩል ነኝ፤ «ማንም የለም አባዬ፣ ደግሞም አሁን የአጨዳ ወቅት አይደለም» አልሁት። ተቀየመኝ። በእኛ አገር ባለ ሰሊጥ ከአጫጆቹ በፊት እጁን አይታጠብም፤ እነሱ ሳይበሉ የበላ ሰው ስሙ ይጠፋል፣ በሚቀጥለው ዓመት ሠራተኛ አያገኝም። አባቴም ያን ቀን ምሳውን ሳይነካ ዋለ። ማታ እናቴ ጓዳ ጠራችኝና «እንዲያ አትበለው፤ በልተዋል ብለህ ዝም በል» አለችኝ። በማግስቱ «በልተዋል» ስለው ወዲያው እጁን ለመታጠብ ዘረጋ። ውሸት መሆኑን ባውቅም ውሸቴን ወደድሁት።

እንዲህ እንዲህ እያልን ለመድነው። እግሩ በር ላይ ሲደርስ ቀጥ ይልበታል፤ ማርሽ አልገባ እንዳለው ትራክተር ሰውነቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ እግሩ ግን አይከተልም። አንድ ቀን ደጃፉ ላይ የሰሊጥ አገዳ ወድቆ ኖሮ እሷን ሊሻገር እግሩን አነሣና ገባ። ከዚያ በኋላ አገዳ በእጄ ይዤ ነበር የምዞረው። እሱ ሲቆም ከፊቱ አስቀምጣለሁ፣ ይሻገራል፣ አነሣና እንደገና አስቀምጣለሁ። ጎረቤት ያየኝ አባቱን ያስጠነቁላል ሳይለኝ አልቀረም። ደግሞ ደህና ቀን አለው፤ አንዳንድ ጧት ተነሥቶ ስለ ሰሊጥ ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ፣ ለእኔ ሚስት ስለ መፈለግ ያወራል፤ ድኗል ብለን ደስ ሲለን ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ወደዚያ ዓለሙ ይገባል።

እውነቱን ልናገር፣ እኔም እፈራ ነበር። ቀትር ላይ፣ ከተማው በሙቀት ድርቅ ብሎ ወፍ እንኳ ዝም በሚልበት ሰዓት፣ አባቴ ዓይኑን ተክሎ ወደ አጥሩ ሲያይ፣ እኔም አያለሁ። ባዶ ነው። ግን እሱ ስንት እንደሆኑ፣ የትኛው ራሱን በፎጣ እንዳሰረ፣ የትኛው እግሩ ላይ ቁስል እንዳለው ይነግረኛል። አንድ ቀን «ያ ትንሹ ልጅ ዛሬም ውኃ አልጠጣም» ሲለኝ፣ ዞር ብዬ ማሰሮውን ከአጥሩ አጠገብ አስቀምጬለት አውቃለሁ። ለማን እንዳስቀመጥሁት ዛሬም አላውቅም።

ይህ ሁሉ ግን ከዚያ በኋላ ከመጣው ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። ሐምሌ ውስጥ፣ አንድ ቀን፣ እናቴ ወይካ በምንለው የደረቀ ባሚያ የተሠራ ወጥ በማሽላ እንጀራ አድርጋ አቀረበችለት። አባቴ ቀና ብሎ ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ከአልጋው ላይ ከፍ ለማለት ሞከረ፣ እንግዳ ሲመጣ እንደሚደረገው።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። እዚያ ያስቀምጡት፤ ባለቤቴ ስትመጣ እንበላለን» አላት።

እናቴ የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። እሱ አልሳቀም። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ እሱን «አንቱ» ስትል የኖረች ሴት ናት፤ እሱ ነው «አንቺ» የሚላት። ያን ቀን ግን የገዛ ባሏ «እትዬ» ብሎ በአንቱታ አናገራት። ጓዳ ገብታ ስታለቅስ «ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ።

አባቴ እኔን በእጁ ጠቀሰኝ። «ይህች ሴትዮ ማን ናት?» አለ በሹክሹክታ። «የሻረግን ትመስላለች። ልብሷንም ለብሳለች። ግን አይደለችም። እናትህ የት ሄደች?»

«እማዬ እኮ ናት።»

«እኔ ሚስቴን አላውቅም?» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ፍርሃት ነበር።

ያን ቀን ማታ ቤት ውስጥ አልተኛም አለ። ከባዕድ ሴት ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ማደር ነውር ነው፣ የሻረግ ስትመጣ ምን እላታለሁ አለ። በሐምሌ ዝናብ፣ ያ ሁሉ የወባ ትንኝ እያለ፣ ራኩባው ሥር ተኛ። አጎበር ዘረጋሁለት፣ ጣሪያው ላይ ሸራ ወጠርሁና እኔም አጠገቡ መሬት ላይ ተኛሁ። በእንቅልፉ ይወራጫል፣ ይጮኻል፣ አንድ ጊዜ በክርኑ አፍንጫዬን አደማው። እናቴ በመስኮት ታየናለች። ሚስቱን የሸሻት ለሚስቱ ታማኝ ለመሆን ብሎ ነበር። ይህን ነገር ለማን ልንገረው? ማን ይገባዋል?

የእናቴ ወንድም አጎቴ ማሩ ነገሩን በሦስት ቃል ጨረሰው፤ «ሰው አስደግሞበት ነው!» አለ። ጸበል ወሰድነው። ጸበሉን አልንቅም፤ ተጠምቆ ሲመጣ ፊቱ ይረጋ፣ ልቡም ይሰበሰብ ነበር። እናቴን ግን አልመለሰለትም። ደግሞ አጎቴ ከአንድ ክሊኒክ «የሚያረጋጋ» የተባለ እንክብል አመጣ። በዋጠው በማግስቱ አባቴ እንጨት ሆነ። መንጋጋው አልላቀቅ አለ፣ ምራቁን መዋጥ አቃተው፣ አንገቱ ወደ ኋላ ተቆለመመ። ሞተብን ብለን ስንጮኽ ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። እንክብሉን ሽንት ቤት ጨመርሁት። ውኃ በጨርቅ እያንጠባጠብሁ ብዙ ቀን ከቆየን በኋላ ቀስ እያለ ተመለሰ፣ ግን ከዚያ ወዲህ ጉልበቱ እንደ ድሮው አልሆነም። ያቺ የሬዲዮ ሐኪም «አንዳንድ ማረጋጊያ መድኃኒት ለእነዚህ ሕሙማን አደገኛ ነው» ስትል ጥርሴን የነከስሁት ለዚህ ነው።

ነሐሴ ላይ እናቴ ለዘመድ ለቅሶ ጎንደር ሄደች። ሲመሽ «አባትህ በላ ወይ?» ብላ በእኔ ስልክ ደወለች። እጄ በሊጥ ተነክሮ ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጌ አልጋው ላይ አስቀመጥሁት። አባቴ ድምፅዋን ሲሰማ እንደ ጎረምሳ ቀና አለ።

«የሻረግ ናት! አምጣው፣ አምጣው ወዲህ!»

ስልኩን ገልብጦ ያዘው። አቃናሁለት። «አንቺ የት ጠፋሽ?» አላት። እናቴ በዚያ ጫፍ እንደ ምንም «ለቅሶ ላይ ነኝ፤ እንዴት ሰነበቱ?» አለችው።

«እኔ ደህና ነኝ። ደከመሽ ወይ? ራስሽን ጠብቂ። የሻረግ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እዚህ ቤታችን አንዲት ሴት ገብታለች። አንቺን ትመስላለች። ምንም የለንም፣ አትቀየሚኝ፤ እኔ ውጭ ነው የማድረው፣ ልጅህን ጠይቂው» አለ፣ ልጅሽን ለማለት ፈልጎ። «ክፉ ሴት አይደለችም። ወጧም ደህና ነው፤ ያንቺን ያህል ባይሆንም ትሞክራለች።»

እናቴ በማግስቱ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዛ መጣች። ከመንገዱ ሁሉ ጋር ስትነታረክ የመጣች ይመስል ነጠላዋ በጭቃ ተነክሯል። ቸኩላ ገባች፣ ፊቱ ቆመች። አባቴ ቀና ብሎ አያት። «ተመለሱ እትዬ?» አላት።

ከዚያ በኋላ ቤታችን አዲስ ወግ ገባው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እናቴ ጎረቤት ትሄድና ትደውላለች። እኔ ከዚያ በፊት አባቴን አጥቤ፣ ንጹሕ ጋቢ አልብሼ፣ ጺሙን አስተካክዬ አስቀምጠዋለሁ፤ እንዲያ ካልሆነ አያናግራትም። ከእሷ ጋር ሲያወራ እጁ መንቀጥቀጧን ትቀንሳለች። በልጅነቱ ከደንቢያ ሲወርድ እንዴት እንደፈራ፣ መጀመሪያ ያያት ቀን እንዴት ቃል እንደጠፋው፣ ማሳ ላይ ሳለ ሲመሽ እሷን እያሰበ እንደሚተኛ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ትንፍሽ ያላለውን ሁሉ ነገራት። እኔ ልጁ ሆኜ እየሰማሁ አፍር ነበር፣ ግን ተነሥቼ አልሄድሁም። እናቴ ከጎረቤት ስትመለስ ዓይኗ ያበጠ ነው። «አየህ» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ስንኖር ደከመሽ ወይ ብሎኝ አያውቅም ነበር። አሁን በየቀኑ ይጠይቀኛል። ከዚያ ደግሞ እገባና እግሩን ሳሸው እትዬ፣ አይድከሙ ይለኛል። የቷን ልሁን ልጄ?»

እኔ ያኔ ትራክተር ብቻ ነበር የማውቀው።

መስከረም ጠባ። ሰሊጡ መብሰል ጀመረ። አባቴ ግን መቅለጥ ጀመረ፤ መዋጥ ከበደው፣ በቀን ውስጥ ብዙውን ሰዓት ያንቀላፋል። እናቴ አንድ ቀን የነፍስ አባታችንን ጠርታ አመጣቻቸው። ፍላጎቷን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሳይሞት አብራው ልትቆርብ። ካህኑ ዳሱ ሥር ተቀመጡ፣ መስቀላቸውን አሳለሙት። ደህና ሰዓቱ ነበር፣ አወቃቸው።

«ፈንቴ» አሉት፣ «ከባለቤትህ ጋር ለመቁረብ ፈቃድህ ነው?»

«ስመኘው የኖርሁት ነው አባ። ግን ባለቤቴ የለችም።»

«ይህችስ?» አሉ ወደ እናቴ እያመለከቱ።

አባቴ አያትና አንገቱን ደፋ። «እሷ እንግዳ ናት አባ። እርስዎ የነፍስ አባቴ ሆነው ከሰው ሚስት ጋር ቁረብ ይሉኛል?»

ካህኑ ወደ እናቴ ዞሩና «ልጄ፣ ሰውየው አይደለችም እያለ እኔ ናት ብዬ ማቁረብ አልችልም። ያለ ፈቃድ ቁርባን የለም» አሏት። እውነታቸውን ነው። እናቴ አልተከራከረችም። ነጠላዋን አጣፍታ ከግቢው ወጣች። ተቀይማ የሄደች መስሎኝ ልከተላት ስነሣ ኪሴ ውስጥ ስልኩ ጠራ።

ድምፁን ከፍ አድርጌ ለአባቴ ሰጠሁት። «የሻረግ ነሽ?» አለ።

«እኔ ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የደወልሁ። ያን ነገራችንን አልረሱትም? እንቆርባለን ያልነውን?»

«እንዴት እረሳለሁ?»

«አሁን ፈቃድዎ ነው?»

«እኔስ ፈቃዴ ነው። አንቺ ብቻ ነይ» አለ አባቴ። በማይንቀሳቀሰው ጉንጩ ላይ እንባ ወረደ።

ካህኑ ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስግገው ነበር የሚሰሙት። ተነሡ፣ መቋሚያቸውን ያዙ፣ እናቴ ስትመለስም «ፈቃዱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አሏት። «ነገር ግን በስልክ አይቆረብም።»

«ፊቴን ሸፍኜ ብሄድስ አባ? ሙሽራ ፊቷን ተሸፍና አይደል የምትሄድ? ድምፄን ከሰማ ያውቀኛል።»

«እሱስ ይሁን። ወደ ሥጋ ወደሙ ስትቀርቡ ግን ፊትሽ ይገለጣል። ያኔ እምቢ ካለ እኔ ምንም የማደርገው የለም፤ ትታችሁ መመለስ ነው» አሉ።

የቁርባኑ ቀን ጥቅምት ውስጥ እሑድ ሆነ። ከተማው ውስጥ ባጃጅ ሁሉ አጫጅ ጭኖ የሚሮጥበት፣ ማሳው ላይ የታሰረው ሰሊጥ ተደግፎ የሚቆምበት ሰሞን ነው። ጎህ ሲቀድ ባጃጅ አስመጥቼ አባቴን በነጭ ጋቢ ጠቅልዬ አስገባሁት። እናቴ ከቤት ወጣች። ነጭ ቀሚስ፣ ከላይ እስከ ደረቷ የወረደ ነጠላ፣ ፊቷ አይታይም። ስድሳ የተጠጋች ሴት በልጇ ፊት ሙሽራ ሆና ስትወጣ ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

«ማን ናት?» አለ አባቴ።

«እኔ ነኝ፣ መጣሁ» አለች ከነጠላው ውስጥ።

አባቴ ቦታ ለቀቀላት። ባጃጁ ውስጥ እጇን ይዞ ሄደ፤ እኔ ከሾፌሩ አጠገብ ተጣብቄ መንገዱን እያየሁ «አምላኬ፣ አፉን ያዝልኝ» እላለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እግሩ ቆመ፤ አገዳዬን አስቀምጬ አሻገርሁት። ቅዳሴው ረዘመ። ከኋላ ሆኜ ብብቱን ደግፌዋለሁ፣ አጥንቱ በእጄ ይቆጠራል። አንዳንዴ ወደ ጥግ እያየ «እነዚያም መጥተዋል» ይለኛል። አጫጆቹን ነው። «ይቁሙ፣ ጸሎት ነው» እለዋለሁ።

ጸሎቱ ደርሶ ሁለቱ ጎን ለጎን ቀረቡ። ካህኑ እናቴን አዩዋት። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች።

እኔ በሕይወቴ ብዙ ፈርቻለሁ። ጎርፍ ትራክተሬን ይዞ ሲሄድ ላዩ ላይ ነበርሁ። እንደዚያች ቅጽበት ግን ፈርቼ አላውቅም። አባቴ ዞሮ አያት። ፊቱ ያው የደረቀው ፊቱ ነው፣ ግን ትከሻው በእጄ ውስጥ ሲጠነክር ተሰማኝ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «እት…» አለ። እናቴ ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሣችም፤ አልተማጠነችም፣ ድምፅም አላሰማችም። ሕዝቡ ሁሉ ከኋላችን ቆሟል። ካህኑ ጽዋውን እንደያዙ ይጠብቃሉ።

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ማንም አላዘዘውም። ጥብቅ አድርጎ ጨፈነና እጁን ወደ እሷ ሰደደ፣ እየዳበሰ።

«የሻረግ?»

«አቤት።»

«አለሽ?»

«አለሁ።»

«እንግዲያስ ይሁን» አለ። ዓይኑን እንደጨፈነ ቆረበ። እሷም ቆረበች።

ወደ ቤት ስንመለስ ራኩባውን አልፎ ቤት ገባ። ያን ቀን ከወራት በኋላ በገዛ አልጋው ተኛ። ከዚያም በኋላ ፊቷን አያውቀውም ነበር፤ ዓይኑ ከተገለጠ አሁንም «እትዬ» ናት። ግን ዘዴውን አገኘው። ምግብ ስታመጣለት፣ ልታጥበው ስትመጣ፣ ቀና ብሎ ያያታል፣ ግራ ይገባዋል፣ ከዚያ ዓይኑን ይጨፍንና «የሻረግ?» ይላል። «አቤት» ትለዋለች። አፉን ይከፍታል። የስልኩ ነገር በዚያው ቀረ።

ታኅሣሥ ላይ፣ ሰሊጡ ሁሉ ተራግፎ መጋዘን በገባበት ሳምንት፣ አንድ ጧት አረፈ። እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ እጁን ይዛ ነበር። የሞተ ሰው ዓይን ክፍት ሆኖ እንዳይቀር የሚከድነው የቅርብ ሰው ነው፤ አጎቴ ማሩ ገብቶ እጁን ወደ አባቴ ፊት ዘረጋ። ጨፍኖ ነበር። አጎቴ እጁን መለሰና እናቴን አያት። እሷ «ተወው፣ ከእኔ ጋር ነበር» አለች።

ሱቁን በዘጋሁበት ቀን ማታ ለእናቴ የሰማሁትን ነገርኋት። አሁን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። የበሽታውን ስም ሁለት ጊዜ አስደገመችኝና ልትለው ሞክራ ተወችው። «ስሙን እኔ ምን አደርገዋለሁ? እሱ የኔን ስም ሳይረሳ ነው የሄደው» አለች። ከዚያ ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች።

እሷን ነገሩ ገላግሏታል መሰለኝ። እኔን ግን አልለቀቀኝም። በሽታው በዘር ይሄድ አይሄድ ሐኪሟ ስትናገር ሰምቼ እንደሆነ አላስታውስም፤ ምናልባት ጆሮዬን ደፍኜ ይሆናል። ዕድሜዬም እየሄደ ነው። ጧት ስነቃ ባለቤቴ መስኮቱን ስትከፍት አያታለሁ። ፊቷን፣ ግንባሯን፣ አገጯ ላይ ያለችውን ጠባሳ፣ አንድ በአንድ አያለሁ። አንዳንዴ እቆያለሁ።

«ምን ታያለህ?» ትለኛለች።

«አንቺን» እላታለሁ።